ቤቱ ከመቆሙ በፊት የፍሳሹ መንገድ ይታሰብ



በአዲስ አበባ ዳርቻ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲቋቋሙ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው ብዙ ይነገራል። የፍሳሹ ነገር ግን የሚነሣው ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ነው። እኔም በደቡብ ምሥራቅ አዲስ አበባ ከነዚሁ ሰፈሮች በአንዱ ነዋሪ እንደ መሆኔ መጠን፣ ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ክፍሎች ለማሳሰብ ይህችን ጽሑፍ በጋዜጣዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የከተማው የፍሳሽ መስመር ባልደረሰበት ሰፈር ከሕንፃው አጠገብ ሴፕቲክ ታንክ ይሠራል። ጠጣሩ ቆሻሻ በፊተኛው ክፍል ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ወደ ሁለተኛው ክፍል ካለፈ በኋላ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ወርዶ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መሬቱ ውሃ የሚያሰርግ ሲሆን ነው። የቦሌና የአቃቂ ሜዳ በብዙ ስፍራ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍንና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። በአንድ ባለ ፎቅ ሕንፃ 20 ቤተ ሰብ ቢኖር፣ በየቤቱ 5 ሰው ቢቆጠር፣ አንዱ ሰው በቀን 60 ሊትር ቢያፈስ፣ በቀን 6,000 ሊትር ይሆናል። መሬቱ አላሰርግም ካለ፣ 10,000 ሊትር የሚይዝ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ሁለት ቀን ሳይሞላ ተመልሶ መምጣት አለበት ማለት ነው። ይህን ወጪ የትኛው ደመወዝተኛ ይችለዋል?

በእኛ ሰፈር የሆነውም ይኸው ነው። ሥራ ተቋራጩ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ፤ ክረምት ሲገባ ማንሆሉ ገንፍሎ፣ ፍሳሹ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ተኛ። ለመኪናው ገንዘብ እናዋጣ ሲባል የምድር ቤቱ ነዋሪ «ሽታው ያለው በእኔ ደጅ ነው» ይላል፤ የላይኛው «እኔ ዘንድ አልደረሰም» ይላል፤ በዚህ የተነሣ ቡና አብሮ የሚጠጣ ጎረቤት ተኳረፈ። አንዳንዱም ሌሊት በፓምፕ እየሳበ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቅቀዋል። ጎርፉ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። እንግዲህ ከደጃችን አባረርነው ያልነው ቆሻሻ በዘንቢል ተይዞ ወደ ማዕድ ቤታችን ይመለሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የከተማን ቆሻሻ የማሰባሰቡንና በደኅና የማስወገዱን ኃላፊነት ለከተማ አስተዳደሮች ሰጥቷል። ሥራም አልተሠራም አይባልም። በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ የሚቀበል ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ተስፋፍቶ የተጠናቀቀው ግን ለ100,000 ሜትር ኩብ የታቀደ ነው። ይሁን እንጂ ፍሳሹን ከየሰፈሩ የሚያደርስ ቧንቧ ከሌለ የማጣሪያው መተለቅ ብቻውን ምን ይረባል?

ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት፣ አንደኛ፣ መሬት ለቤት ከመከፋፈሉ በፊት ፍሳሹ በየት ወርዶ የት እንደሚጣራ በፕላኑ ላይ ይታይ። ሁለተኛ፣ መስመር ለማይደርስበት ሰፈር አፈሩ ይፈተን፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ ማየት ብዙ ወጪ የለውም። ፈተናውም በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምት ይደረግ። ሦስተኛ፣ አፈሩ የማያሰርግ ከሆነ ለሰፈሩ በጋራ አነስተኛ ማጣሪያ ይሠራ። አራተኛ፣ ይህ ሳይሟላ ነዋሪ እንዲገባ አይፈቀድ፤ ተቋራጩም አንድ ክረምት ሳያልፍ ከኃላፊነቱ አይሰናበት።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላል ያገራችን ሰው። አስፋልት ፈልፍሎ ቧንቧ መቅበር ባዶ ሜዳ ላይ ከመቅበር እጅግ ይበልጥ ያስወጣል። የእኛ ሰፈር አንዴ ተሠርቷል፤ ገና በካስማና በገመድ እየተለካ ላለው ሰፈር ግን ጊዜው አላለፈም።

አንድ የአዲስ ሰፈር ነዋሪ
ከአዲስ አበባ