ፒስተኑ ርካሽ፣ ልኬቱ ውድ

በህንድ ዋና ከተማ በዴልሂ፣ ካሮል ባግ በተባለው ሠፈር የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆችና ጋራዦች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። የ«ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት» ሞተር ብስክሌት ባለቤት ወደዚህ ሠፈር መጥቶ ፈልጎ የሚያጣው ዕቃ ብዙም የለም። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ቫልቩ፣ ፑንቲናው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ማርሚታው ሁሉ ከመደርደሪያ ላይ ነው። ሻጩ የሚጠይቀው መጠኑን ብቻ ነው። ንድፉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሞተር መለዋወጫው እንዲህ እንደ ልብ ሲገኝ ማየት በሌላው ዓለም ብዙም የተለመደ አይደለም።

ታዲያ ዕቃው ይህን ያህል ሞልቶና ረክሶ ሳለ፣ ሞተሩን አሳድሶ በወራት ውስጥ እንደገና ፈትቶ የሚመጣ ደንበኛ የሚኖረው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ያለው ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከመካኒኩ የመለኪያ ሣጥን ውስጥ ነው።

ከሬዲች ወደ ማድራስ

ባለ አንድ ሲሊንደሩ «ቡሌት» በትውልዱ እንግሊዛዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሁን የሚታወቀው ባለ 350 ሲ.ሲ. ዓይነት በሬዲች ከተማ መሠራት የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነበር። የህንድ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ሞተር ብስክሌት ባዘዘ ጊዜ «ቡሌት» ተመረጠ። በ1955 የእንግሊዙ ኩባንያ ከማድራስ ሞተርስ ጋር ሽርክና ገብቶ «ኤንፊልድ ኢንዲያ» ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ የተበታተነ ዕቃ ከእንግሊዝ እየመጣ የሚገጣጠም ሲሆን፣ በ1962 ግን ክፍሎቹ በሙሉ እዚያው ህንድ ውስጥ ይመረቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የገበያን ጠባይ የሚያሳይ ነው። የሬዲች ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ። ልጁ ግን አባቱ ከሞተ በኋላም ሥራውን ቀጠለ፤ እንዲያውም በ1977 «ቡሌት»ን ወደ እንግሊዝ መልሶ መላክ ጀመረ። ኩባንያው በ1994 በአይቸር ሥር የተጠቃለለ ሲሆን፣ የድሮው ሞተር ምርት ደግሞ እስከ 2010 አካባቢ ዘልቆ ሞተሩና ማርሽ ሣጥኑ ባንድ ላይ ለተሠሩበት አዲስ ሞተር ቦታውን ለቋል።

በአንጻሩ በዚያው ዘመን በበርሚንግሃም ይሠራ የነበረው ሌላው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ «ቢ.ኤስ.ኤ. ጎልድ ስታር»፣ በ1963 ምርቱ ቆመ። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅና በጨረታ አዳራሽ የሚገኝ ውድ ዕቃ ሆኗል። የ«ጎልድ ስታር» ባለቤት አንዲት ፒስተን ከመግዛቱ በፊት አሥር ጊዜ ይለካል፤ ውድነቱ ጥንቃቄን ያስገድደዋልና። የ«ቡሌት» ባለቤት ግን ዕቃው ርካሽ ስለሆነ «ገጥሜ ልየው» ይላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

«ፋሻ ብቻ ይቀየርልኝ»

በካሮል ባግ ጋራዦች በር ላይ የተለመደው ምልልስ ይህን ይመስላል። ደንበኛው ከአባቱ የወረሰውን «ቡሌት» እየገፋ ይመጣና፣ «ኡስታድ፣ ጭስ አበዛብኝ። ፋሻ ብቻ ይቀይሩልኝና ልሂድ» ይላል። ኡስታድ በዚያ አገር ለሙያ አዋቂ የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። መካኒኩም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይቻላል ጌታዬ። ከታች ያለውን ሳላይ ግን ቃል አልገባም» ሲል ይመልሳል። ደንበኛው ይህን የሰማው ዋጋ ለማስወደድ እንደተባለ ነገር ነው።

መካኒኩ ግን ምክንያት አለው። ሞተሩ ከላይና ከታች በሁለት ይከፈላል። ከላይ ያለው ቴስታታው፣ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ነው። ይህ ሞተሩ ከሻንሲው ሳይወርድ ሊፈታ ይችላል። ከታች ያለው ክራንክ ሻፍቱና ፒስተኑን ከርሱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ነው። ወደዚህ ለመድረስ ሞተሩ በሙሉ መውረድ፣ ሁለቱ ከባድ የብረት ክቦችም በፕሬስ ተፈልቅቀው እንደገና መገጣጠም አለባቸው። ስለዚህ የላዩ ሥራ ርካሽ፣ የታቹ ውድ ነው።

የ350ው ፒስተን ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ ደግሞ 90 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር ፒስተኑ በየሰኮንዱ በአማካይ 15 ሜትር ይጓዛል፤ በደቂቃም 10,000 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህን ሁሉ ምት የሚቀበለው በቢዬላው ግርጌ ያለው መሽከርከሪያ ነው። በብዙዎቹ የድሮ «ቡሌቶች» ውስጥ ይህ ክፍል በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ እንጂ የሮለር ኩሽኔታ አይደለም። ቡሹ በልቶ ሳለ ከላይ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ቢገባ፣ የታመቀው ጋዝ ጉልበት ይመለሳል፤ የተመለሰው ጉልበት ግን የሚያርፈው በደከመው ቡሽ ላይ ነው። ጭሱ ይጠፋና ማንኳኳቱ ይጀምራል።

ምርመራው ራሱ ብዙ ወጪ የለውም። ሲሊንደሩ ከተነሣ በኋላ ቢዬላውን ይዞ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ ነው። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ የተፈጥሮው ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ለእጅ የሚሰማ ክፍተት ካለ ግን ታቹ አልቋል ማለት ነው።

ሒሳቡ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ ለማስላት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። ሙሉ ዕድሳት 100 ቢፈጅ፣ የላዩ ብቻ 35፣ ምርመራውና ልኬቱ ደግሞ 5 ይሁን። ሳይለካ የላዩን ብቻ ያሠራ ሰው ዕድል ከቀናው በ35 ይወጣል። ታቹ ከከዳው ግን የተሰበረው ዕቃ አዲሱን ፒስተንም ይዞት ስለሚሄድ 35ቱን ከስሮ 100 እንደገና ይከፍላል፤ ድምሩ 135 ነው። ያስለካው ሰው ታቹ ደህና ከሆነ 40፣ ካልሆነ 105 ይከፍላል።

እንግዲህ 5 ለመቆጠብ 30 ለአደጋ ይጋለጣል ማለት ነው። ታቹ የመበላሸቱ ዕድል ከሰባት አንድ በላይ ከሆነ ማስለካቱ ያዋጣል። ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ለኖረና ታሪኩ በውል ለማይታወቅ ሞተር ከዚህ የተሻለ ዕድል አለው ብሎ የሚወራረድ መካኒክ አይገኝም። ነገሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ነው።

ከቶርኖ ቤት እስከ ካንዴላ

ሲሊንደሩ ሲበላ እኩል አይበላም። ላዩ ከታቹ ይሰፋል፤ ክብነቱም ይዛባል። ስለዚህ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ከመጠን ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋና ወፍራም ፒስተን ይገባለታል። እነዚህ ፒስተኖች እየሰፉ የሚሄዱት በሩብ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሰፋው በገበያ ይገኛል። ሲሊንደሩ ወደ 71 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ይዘቱ ከ346 ወደ 356 ሲ.ሲ. ብቻ ከፍ ይላል። ስለዚህ «አስፍቼ ጉልበት አገኛለሁ» ማለት ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ይስታሉ። መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፤ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ በዚያ ፒስተን ልክ ይሰፋል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይታመንም። ተመሳስለው የተሠሩ ዕቃዎች ከዋናው ጋር ባንድ መደርደሪያ ላይ በሚሸጡበት ገበያ፣ ገዢው ከማሸጊያው ይልቅ መለኪያውን ማመን ይኖርበታል። ቢዬላው የተቀየረለት ክራንክ ሻፍትም ቀጥ ብሎ መዞሩ የመቶኛ ሚሊ ሜትር በሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ ይረጋገጣል። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ከዓመታት ዝቃጭ ይጸዳሉ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ እስከ ክራንክ ሻፍቱ መድረሱ ይታያል። ይህ ሁሉ ደንበኛው በዓይኑ የማያየው፣ በደረሰኝም ላይ ስሙ የማይገኝ ሥራ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ማስተካከሉ ይቀጥላል። መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ፑንቲና፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት፣ ካርቡሬተር በመጨረሻ ነው። የቫልቭ ግፊት ዘንጎቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍተት ሳይኖራቸው፣ በጣት ግን በቀላሉ እንዲሽከረከሩ ሆነው ይስተካከላሉ። ፑንቲናው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። እሳቱ የሚሰጠው፣ ሰዓቱን በፍጥነት ልክ የሚያስቀድመው ክፍል ሳይከፈት፣ ፒስተኑ ከጫፍ ሊደርስ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ነው። ፑንቲናው የተላቀቀበትን ቅጽበት ለማወቅ ትንሽ አምፖል ማገናኘት ይበቃል።

የካርቡሬተሩን ሁኔታ የሚናገረው ካንዴላው ነው። ጥቀርሻ ለብሶ ከወጣ ነዳጅ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስማምቶታል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በዴልሂ የተስተካከለ «ቡሌት» በላዳክ ተራሮች ከ5,300 ሜትር በላይ ወዳለው ካርዱንግ ላ ሲወጣ አየሩ ይሳሳና ነዳጁ ይበዛበታል። በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ጭስ የሚያበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚስተካከለውም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ነድቶና አይቶ ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ያሻለው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ትልቅ ካርቡሬተርና ክፍት ማርሚታ ገዝቶ ጉልበት ለመጨመር የሚፈልግም አለ። ሞተሩ በአዲስነቱ የነበረው 18 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው ጥቂት ጉልበት የሚከፈለው ከዚያው ከቢዬላው ግርጌ ነው። የታደሰው ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በለዘብታ ተነድቶ ዘይቱ ከተቀየረለት የበለጠ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ሊብሬው

በገበያው ውስጥ ከፒስተኑ በፊት የሚለካ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ወረቀቱ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ያለፈ የቤንዚን ተሽከርካሪዎች በዴልሂና በአካባቢዋ እንዳይንቀሳቀሱ የአካባቢ ጥበቃ ችሎት የሰጠውን ትእዛዝ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አጽንቶታል። ከዚያ ወዲህም ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቷል። በ2021 የወጣው ደንብ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው ቅርሶች የተለየ ምዝገባ ፈቅዷል፤ ለዕለት ተዕለት መመላለሻ ግን አይውሉም። የድሮው ሞተር ምርት የቆመው በ2010 አካባቢ እንደመሆኑ፣ ብዙዎቹ «ቡሌቶች» ለትእዛዙ ያረጁ፣ ለቅርስነቱ ደግሞ ያልደረሱ ሆነው መሐል ላይ ቀርተዋል።

ስለሆነም አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ዕድሳት ተደርጎለት፣ በዴልሂና በሌላ ክፍለ ግዛት የሚያወጣው ዋጋ እኩል ሊሆን አይችልም። የታችኛው የሞተር ቤት ተቀይሮ በላዩ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ገዢ ይሸሻል። ሸጦ ለማትረፍ የሚያስብ ሰው ወደ መካኒክ ከመሄዱ በፊት ቁጥሩን ከወረቀቱ ማመሳከር አለበት።

የኡስታዶቹ ሥጋት ግን ሌላ ነው። ከ2020 ጀምሮ ህንድ ውስጥ የሚሸጠው «ቡሌት» ነዳጅ የሚረጭለት በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ፑንቲናና ካርቡሬተር የለውም። አዲሱ ተለማማጅ መማር ያለበት ለዚህኛው የሚሆነውን ሙያ ነው። የድሮውን ዕቃ በየትናንሽ ፋብሪካው የሚያመርቱት፣ ገዢ እስካለ ድረስ ያመርቱታል። ቢዬላውን ይዞ በጣቱ የሚያዳምጥ ሰው ግን በፋብሪካ አይመረትም። ፍላጎት ኖሮ አቅርቦቱ የሚያንሰው ከዚህ ላይ ነው። የልኬት ዋጋ ገና ከፒስተኑ በላይ ይሆናል ብሎ መገመትም አያሳስትም።

የአባቱን «ቡሌት» እየገፋ የመጣው ደንበኛ ይህን ሁሉ ማሰብ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት አንድ ጥያቄ መለወጥ ብቻ ነው፤ «ፋሻው ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ኡስታድ፣ ከታች ያለው እንዴት ነው?» ብሎ መጀመር።