ቤዝቦል ሥር የሰደደባቸው አገሮች

ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ሄይቲ አንዲት ደሴት ተካፍለው ይኖራሉ። ከድንበሩ በምሥራቅ ያሉት ልጆች ሕልማቸው ቤዝቦል ነው፤ በምዕራብ ያሉት ደግሞ እግር ኳስ እንጂ ሌላ አያውቁም። እግር ኳስ ያልደረሰበት አገር የለም፤ ቤዝቦል ግን ከአሜሪካ ሲወጣ አንዱን አገር ሙሉ በሙሉ ወርሶ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። ሥር የሰደደባቸውን አገሮች ታሪክ ስመለከት፣ ሰዎች ጨዋታውን የራሳቸው ጉዳይ መግለጫ ያደረጉባቸው ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ አጨዋወቱን ላስቀድም። በየቡድኑ 9 ተጫዋቾች አሉ። አንዱ ቡድን ሜዳውን ይይዛል፤ ወርዋሪው ትንሿን ጠንካራ ኳስ በኃይል ይለቃታል፤ የተጋጣሚው መቺ በዱላ ሊመታት ይጠብቃል። ከመታት በኋላ ሜዳው ላይ ያሉትን ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሳበት ከደረሰ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሦስት ሰው ሲቃጠልበት ቡድኑ ተራውን ይለቃል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ 9 ዙር ይጫወታሉ። ገና ለሚጫወት ሕዝብ ዱላና ሩር እንግዳ አይደሉም፤ እዚህ ግን ግፊያ የለም፣ የጨዋታው ልብ የወርዋሪውና የመቺው ፍጥጫ ነው።

ወደ ካሪቢያን ያደረሰው ተማሪ እንደነበር ይነገራል። በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔሜሲዮ ጊዮ የተባለ ኩባዊ ወጣት ከአላባማ ትምህርት ቤት ሲመለስ ዱላና ኳስ ይዞ ሃቫና ገባ። ኩባ ያን ጊዜ የስፔን ቅኝ ግዛት ነበረች። የገዢዎቹ መዝናኛ የበሬ ፍልሚያ ነበርና ነፃነት የናፈቃቸው ወጣቶች ቤዝቦልን መረጡ፤ ባለሥልጣናቱም ጨዋታውን በጥርጣሬ ዓይን ያዩት ጀመር። በ1868 የነፃነት ጦርነት ሲነሳ ወደ ዶሚኒካን የተሰደዱት ኩባውያን የስኳር ሥራ ዕውቀታቸውንም ዱላቸውንም ይዘው ሄዱ።

ሳን ፔድሮ ዴ ማኮሪስ የተባለችውን የወደብ ከተማ ያሳደጋት ስኳር ነው። አገዳ ለመቁረጥ እንግሊዝ ከምትገዛቸው ደሴቶች የመጡት ጥቁር ሠራተኞች ክሪኬት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ወደ ቤዝቦል ዞሩ። ስመ ጥር ተጫዋቾቹ ሳሚ ሶሳ፣ ቶኒ ፈርናንዴዝ፣ ሮቢንሰን ካኖ ሁሉም የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው። በየሰፈሩ ደግሞ ቪቲያ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ዱላው የመጥረጊያ እጀታ፣ ኳሱ የትልቅ ውሃ ጠርሙስ ክዳን ነው። ክዳኑ በአየር ላይ እየተወላገደ ስለሚመጣ እርሱን መምታት የለመደ ዓይን ቀጥ ብላ የምትመጣ ኳስ አትከብደውም።

ዛሬ 30ዎቹም የአሜሪካ ታላላቅ ክለቦች ዶሚኒካን ውስጥ ማሠልጠኛ አላቸው፤ ልጆቹን በ16 ዓመታቸው ያስፈርማሉ። የሚሳካለት ቤተሰቡን ከድህነት ያወጣል። ከፈረሙት አብዛኞቹ ግን ወደ ትልቁ ሊግ ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ለዚህ ብለው ትምህርታቸውን የተዉም አሉ። ከእነዚህ ልጆች የሚያተርፍ ክለብ የማስተማር ዕዳም እንዳለበት አምናለሁ።

የጃፓኑ ታሪክ የተጀመረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሆራስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር በ1872 ቶኪዮ ላይ ጨዋታውን ለተማሪዎቹ አስተማረ። በ1896 አንድ የቶኪዮ ትምህርት ቤት፣ ጃፓናውያን በአባልነት የማይገቡበትን የዮኮሃማ የውጭ ዜጎች ክለብ 29 ለ4 ሲረታ አገር በደስታ ተሞላ። በዚያ ዘመን ምዕራባውያን በጃፓን ላይ የጫኗቸው ውሎች ሙሉ በሙሉ አልተነሱም ነበርና ድሉ ለሕዝቡ ከነጥብ በላይ ነበር።

እስከ ዛሬም የጃፓን ቤዝቦል ነፍስ ያለው ከፕሮፌሽናል ክለቦቹ ይልቅ በ1915 በተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ይመስለኛል። ከ1924 ጀምሮ ኮሺየን በተባለው ስታዲየም ይካሄዳል፤ አንዴ የተሸነፈ ይሰናበታል። ተሸናፊዎቹ እያለቀሱ የሜዳውን አፈር ቆንጥረው ወደ አገራቸው ይወስዳሉ። በ1958 ከኦኪናዋ የመጣው የሹሪ ትምህርት ቤት ቡድንም እንዲሁ አፈሩን ይዞ ተመለሰ። ኦኪናዋ ግን ያን ጊዜ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ስለነበረች የጃፓን አፈር እንደ ባዕድ አፈር ተቆጠረ፤ በተክል በሽታ ቁጥጥር ሕግ ተወስዶ ባሕር ተጣለ። ይህን የሰማች የጃፓን አየር መንገድ አስተናጋጅ ከኮሺየን አቅራቢያ ጠጠሮች ሰብስባ ላከችላቸው። ጠጠርን ሕጉ አይከለክልም ነበር።

ታይዋን ቤዝቦልን ያወቀችው በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነው። በ1931 ጃፓናውያን፣ ቻይናውያንና የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች ልጆች አብረው የተሰለፉበት የካኖ ትምህርት ቤት ቡድን ኮሺየን ድረስ ሄዶ ለፍጻሜ ደረሰ። ዛሬ የታይዋን ባለ 500 የገንዘብ ኖት ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ የልጆች ቤዝቦል ቡድን ደስታ ነው። በ2024 ታይዋን በዓለም አቀፉ ፕሪሚየር 12 ውድድር ፍጻሜ ጃፓንን ራሷን 4 ለ0 አሸነፈች። ደቡብ ኮሪያም በ1982 የጀመረችውን ሊግ አሳድጋ በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች።

በአፍሪካ ጨዋታው ገና ለጋ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ በ2017 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ሲሰለፍ በአሜሪካ ታላቅ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው የአፍሪካ ተወላጅ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2011 አንድ የኡጋንዳ ልጆች ቡድን ለዓለም የታዳጊዎች ውድድር አልፎ በሰነድ ምክንያት ቪዛ ተከልክሎ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የኡጋንዳ ቡድን፣ ከስኳር ፋብሪካዋ ከተማ ከሉጋዚ ተነስቶ ውድድሩ ወደሚካሄድበት ፔንሲልቬኒያ ገባ፤ የኦሪገን ልጆችንም 3 ለ2 አሸንፎ ተመለሰ።