አድራሻው ትክክል ነው፣ ሰውየው ግን የለም

የጅምላ ፖስታ ሊያስልክ የሚመጣ ደንበኛ ገና ቁጭ ሳይል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለባርኮዱ ስንት ታስከፍሉናላችሁ?» ለባርኮዱማ ምንም። ስሙንና አድራሻውን የሚያትመው ማሽን በዚያው አንድ ማለፊያ ሰረዞቹንም አትሞ ይሄዳል፤ የተለየ ቀለም አይፈልግ፣ የተለየ ወረቀት አይፈልግ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለጅምላ ላኪ ዋጋ የሚቀንሰውም ሰረዝ ስለታተመለት አይደለም። እሱ ሊደክምበት የነበረውን ሥራ፣ አድራሻ ማጣራቱንና ፖስታ መደርደሩን፣ ላኪው አስቀድሞ ስለሚጨርስለት ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ባርኮድ ሲጠይቀኝ እኔ ስለ ስም ዝርዝሩ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ ነገር የማዞር ይመስላቸዋል።

ሰረዞቹን ጠጋ ብላችሁ ብትቆጥሯቸው 65 ናቸው። አንዱ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው፣ አንዱ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል፣ አንዱ መሐል ላይ አጭር ሆኖ ይቀራል። በእነዚህ አራት ዓይነት ሰረዞች 31 አሃዞች ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹ 20 የፖስታውን ዓይነት፣ የላኪውን መለያና የዚያችን አንዲት ፖስታ ተራ ቁጥር ይናገራሉ። የቀሩት 11 የመድረሻው ናቸው። ከነዚህ 5ቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የመጣው ዚፕ ኮድ ነው። 4ቱ በ1983 የተጨመሩ ናቸው፤ የአንድን መንገድ አንድ ወገን፣ አንድን ሕንፃ፣ አንዳንዴም አንድን ፎቅ ለይተው ያሳያሉ። የመጨረሻዎቹ 2 አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የሚወሰዱ ሲሆኑ፣ ማሽኑ ደብዳቤዎቹን ፖስተኛው በሚሄድበት ቅደም ተከተል የሚደረድረው በእነሱ ነው። እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ቅናሽ ያሰጥ የነበረው አሮጌው የፖስትኔት ባርኮድ ከረጅምና ከአጭር ሰረዝ በቀር አልነበረውም፤ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፣ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም።

እነዚህን 11 አሃዞች ማንም ከኪሱ አውጥቶ አይጽፋቸውም። ዝርዝሩ «ካስ» የሚባለውን የፖስታ ቤቱን ፈተና ባለፈ ሶፍትዌር ውስጥ ያልፍና እያንዳንዱ አድራሻ ከፖስታ ቤቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ይህ ማመሳከር ከመላኪያው ቀን በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የተደረገ መሆን አለበት። በፖስተኛው መስመር ተለይቶ ለሚደረደር ፖስታ ደግሞ ጊዜው ወደ 90 ቀን ያጥራል። ሶፍትዌሩ ሥራውን ሲጨርስ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ አንዲት ፊደል ያስቀምጣል። ዋይ ከሆነ ቤቱም፣ ካለም የአፓርታማው ቁጥር፣ በመዝገብ አለ። ዲ ከሆነ ሕንፃው አለ፣ የአፓርታማ ቁጥሩ ግን አልተጻፈም። ኤስ ከሆነ ቁጥር ተጽፏል፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ግን በዚያ ሕንፃ አይታወቅም። ኤን ከሆነ አድራሻው የለም።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ የእኛው ሰዎች ማኅበራት የሚመጡ ዝርዝሮችን ስከፍት ዓይኔን የሚሞላው ዲ ነው። አይገርምም። ብዙው ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚኖረው በመቶ የሚቆጠር በር ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። አድራሻው የሚሰበሰበው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ወረቀት ላይ ነው፤ ለስም አንድ መስመር፣ ለስልክ አንድ መስመር፣ ለአድራሻ ጭራሽ ግማሽ መስመር። በዚያ ላይ ያደግነው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የቤቱን አቅጣጫ ለሚጠይቅ «ከፋርማሲው አለፍ ብሎ» ማለት ለምደን የበሩን ቁጥር ከአድራሻ አንቆጥረውም።

የዲ ክፋቱ ቅናሹን አለመከልከሉ ነው። ሕንፃው ስለታወቀ ሶፍትዌሩ የሕንፃውን ዘጠኝ አሃዝ ይሰጣል፣ ባርኮዱም ያለችግር ይታተማል። ደብዳቤው በማሽን ከማሽን እየተላለፈ ሕንፃው መግቢያ ድረስ ይከንፋል። እዚያ ሲደርስ ፖስተኛው በመቶ በሚቆጠሩ ሣጥኖች ፊት ቆሞ ስሙን ይፈልጋል። ዓመታት የሠራበት ሕንፃ ከሆነና ስሙን ካወቀው መልካም። ተተኪ ፖስተኛ ከሆነ ግን ማን ይፈልጋል?

የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማው በካፒቶሉ መነሻነት ለአራት የተከፈለ ስለሆነ 4ኛ መንገድ በሰሜን ምዕራብም፣ በሰሜን ምሥራቅም፣ በደቡብ ምሥራቅም፣ በደቡብ ምዕራብም አለ። ሁለቷ የአቅጣጫ ፊደላት ከቀሩ ትክክለኛው ዚፕ ኮድ ነገሩን ሊያድነው ይችላል፤ ዚፕ ኮዱም ከጎደለ ወይም ከተሳሳተ ሶፍትዌሩ አይገምትም። ባይገምት ነው የሚሻለውም።

ኤክሴልም የሚያበላሸው አለ። ዝርዝሩን በኤክሴል የያዘ ጸሐፊ ቦስተን ወይም ኒው ጀርሲ አባል ካለው ዚፕ ኮዱን ይይልኝ። በማሳቹሴትስና በኒው ጀርሲ ዚፕ ኮድ በ0 ይጀምራል፤ ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ 0ዋን ይበላትና አራት አሃዝ ያስቀራል። «3-12» ተብሎ የተጻፈ የአፓርታማ ቁጥር ደግሞ በዓይናችን ፊት ማርች 12 ሆኖ ቁጭ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መተየብ ከመጀመራችሁ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ አድርጉት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የቤት ጉዳይ ነው። የሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ በሌላ ቦታ አስልከውት ተመልሶ የመጣ ፖስታ በላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ «አድራሻው ያልተሟላ» ይላል፣ ሌላው «በዚህ አድራሻ የማይታወቅ»፣ ሌላው «ሊተላለፍ ያልቻለ»።

«ዝርዝሩ ተጣርቷል፣ ሁሉም ዋይ ነው ብለውኛል እኮ ልጄ» አሉኝ። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ጋሼ፣ ዋይ የተባለው ቤቱ ነው። ሰውየው እዚያ ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀም።»

አንዱን ፖስታ አነሳሁ። በአንዲት የዕድሩ አባል ስም የተጻፈ ነው። ባለቤታቸው ቤት ሲቀይሩ የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ሞልተዋል፣ «ቤተሰብ» የሚለውንም ምልክት አድርገዋል፤ ጋሼ ይህንን ከራሳቸው ከሰውየው ሰምተዋል። ታዲያ የሚስትየው ደብዳቤ ለምን ተመለሰ? ምክንያቱም «ቤተሰብ» የሚለው ምርጫ የሚያገለግለው የመጨረሻ ስማቸው አንድ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ባል አበበ ከበደ ነው፣ ሚስት አልማዝ ተስፋዬ ናት፣ ልጆቹ ሁሉ በአባታቸው ስም አበበ ናቸው። አንድ ቤት፣ ሦስት የመጨረሻ ስም። አበበ ከበደ ብሎ የተሞላ የቤተሰብ ቅጽ የሚያሻግረው ከበደን ብቻ ነው። አልማዝ የራሷን ቅጽ፣ ልጆቹም በጋራ የራሳቸውን መሙላት ነበረባቸው። ይህን ለአዲስ መጤ የሚነግር ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ስንቱ የባንክ ካርድ፣ ስንቱ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ በዚህ ሳቢያ አሮጌ ቤት እንደቀረ መገመት አያቅትም።

ጋሼ ቢጫዋን ወረቀት ደግመው አነበቡ። «እንግዲያው የእኔም ባለቤት…» ብለው ሳይጨርሱ ስልካቸውን አወጡ።

ላኪውም በዚሁ መረብ ውስጥ ነው። በቅናሽ ዋጋ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ከመላኩ በፊት ባሉት 95 ቀናት ውስጥ ከአድራሻ ለውጥ መዝገብ ጋር መነጻጸር አለበት። «ሙቭ አፕዴት» የሚሉት ግዴታ ይኸ ነው። ብዙ የፖስታ አዘጋጅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ሙሉው መዝገብ የ48 ወር የአድራሻ ለውጥ ይዟል። መዝገቡ አዲሱን አድራሻ የሚገልጠው ግን ስሙንና አሮጌውን አድራሻ አስተካክሎ ለያዘ ብቻ ነው። የሰው ምሥጢር ስለሆነ እንዲህ መጥበቁ ተገቢ ነው፤ ለእኛ ስም ግን ይከብዳል። ገብረ ማርያም የሚለውን አንዱ አጣምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለሁለት ከፍሎ። ተስፋዬን አንዱ በኢ ይጨርሰዋል፣ ሌላው ኢውን ይተወዋል። ሰውየው ለፖስታ ቤት በሰጠው አጻጻፍና በዕድሩ ዝርዝር ባለው አጻጻፍ መካከል ልዩነት ካለ መዝገቡ ዝም ይላል፤ የመዝገቡን ዝምታ ደግሞ ብዙ ሰው «አልተዛወረም» ብሎ ይተረጉመዋል። አባሎቻችሁን በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ እንዳለው አድርገው እንዲጽፉ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ማነጻጸር ዘሎ ማለፍ የሚያዋጣ የሚመስለው አለ። ፖስታ ቤቱ በማሽኑ ያለፉትን ባርኮዶች ከራሱ መዝገብ ጋር እያስተያየ በየወሩ ይቆጥራል። ያልተስተካከሉት የአድራሻ ለውጦች ከመቶ 0.5 እጅ ካለፉ ከዚያ በላይ ላለው በያንዳንዱ ፖስታ ተጨማሪ ያስከፍላል። ባርኮዱ ላይ የላኪው መለያ ተጽፏል ብዬ የለ? መደበቂያ የለም።

በየቤታችሁ የሚመጣው ማስታወቂያ ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ «ወይም ለአሁኑ ነዋሪ» ተብሎ የሚጻፈውም ከዚሁ ግዴታ ለመውጣት ነው። እንዲህ የተጻፈበት ፖስታ ለማንም በዚያ ቤት ላለ ሰው ስለሚሰጥ ሰውየው ተዛወረ አልተዛወረ አያሳስብም። ለምግብ ቤትና ለቤት ሻጭ ጥሩ መላ ነው። ለዕድር ግን አይሆንም፤ የአባልን መዋጮ ጉዳይ ለማያውቁት ተከራይ ማን ይልካል? የእያንዳንዱን ሰው ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያውም በርካሹ «ማርኬቲንግ ሜይል» መላክ አይፈቀድም፤ በፈርስት ክላስ መሄድ አለበት። እዚህ ላይ ትናንሽ ማኅበራት ይቸገራሉ። በማርኬቲንግ ሜይል ቅናሽ ለማግኘት 200 ፖስታ ይበቃል፣ በፈርስት ክላስ ግን 500 ያስፈልጋል። ሦስት መቶ አባል ያለው ዕድር ከሌላ ላኪ ጋር ካልተጣመረ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ቢሆንም ዝርዝሩን ማጣራቱን አይተወው፤ ፈርስት ክላስ ቢያንስ አድራሻ ለለወጠ ሰው ለ12 ወር ያህል ይተላለፋል፣ ካልሆነም ይመለሳል። ማርኬቲንግ ሜይል ግን በፖስታው ላይ የመመለሻ ትእዛዝ ካልታተመበት አይተላለፍም፣ አይመለስም፤ ይወገዳል። «እኛ የሚመለስ ፖስታ የለንም» ብሎ የሚኮራ ሰበካ ጉባኤ ስሰማ እደነግጣለሁ።

ስለ ኅትመቱ ብዙ የምለው የለኝም። ከፖስታው የፊት ገጽ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ 4¾ ኢንች ርዝመትና ⅝ ኢንች ቁመት ያለው ቦታ ለማሽኑ የተተወ ነው። እዚያ ላይ የበዓሉን ፎቶ፣ የስፖንሰር አርማ ወይም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጌጥ አታስቀምጡ። መስኮት ያለው ፖስታ ከሆነ አንዱን አንሱና በግራ፣ በቀኝና በታች ጠርዙ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጉት። ውስጥ ያለው ወረቀት ተንሸራቶ ባርኮዱ በግራም ሆነ በቀኝ ከመስኮቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ከ⅛ ኢንች ካነሰ ወረቀቱ የታጠፈበት ልክ ስህተት ነው፤ ሁሉም ከመታሸጉ በፊት እንደገና ይታጠፍ።

የፋሲካን ወይም የዓመቱን ስብሰባ ጥሪ ልታስልኩ የምታስቡ ጸሐፊዎች፣ ማተሚያ ቤት ከመደወላችሁ በፊት ዝርዝሩን ክፈቱና የአፓርታማ ቁጥር የሌላቸውን ስሞች ብቻ ለይታችሁ አውጡ። ለእነሱ ስልክ ደውሉ። ስትደውሉም የበሩን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፤ ቤት ከቀየሩ ባልም ሚስትም በየስማቸው ቅጹን መሙላታቸውን ጠይቁልኝ። ፖስታ ቤት በአካል ሄዶ መሙላት ነፃ ነው።