የደም ምርመራ ወረቀትሽ ላይ ያለችው ኮከብ፦ መስመሩን ማን አሰመረው?

እህቴ፣ ድካሙ አልለቅ ወይም ራስ ምታቱ አላስቀምጥ ብሎሽ፣ መካ መንሱር ወይም ጅዳ ካለ መስተውሰፍ ደም ሰጥተሽ ታውቂ ይሆናል። የሚሰጡሽ ወረቀት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። የጾም ስኳርሽ 105 ይላል፤ ጎኑ «ከ70 እስከ 99» ተጽፏል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ኮከብ ወይም «ኤች» የምትል ፊደል ተቀምጣለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ማዳም ብታየውስ? ታማለች ብለው ወደ አገር ቢመልሱኝስ?

መጀመሪያ ያ መስመር ከየት እንደመጣ እንይ። ለብዙዎቹ የላቦራቶሪ ምርመራዎች የብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም ይለካል፣ አማካዩ ይወጣል፣ ከዚያ ከመቶ ጤነኞች 95ቱ መሀል እንዲቀሩ ከታችና ከላይ መስመር ይሰመራል። መስመሩ የት ላይ እንደሚያርፍ የምትነግረው ቁጥር በስታቲስቲክስ «ወሳኝ ዋጋ» ትባላለች። ሰዎቹ በደወል ቅርጽ ከተሰራጩ ቁጥሯ 1.96 ናት፤ ከአማካዩ በ1.96 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን መራቅ ማለት ነው። (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሰዎች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ መለኪያ ነው።) እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ይህችን ከ20 አንድ የምታስቀር ድንበር ሲመርጥ፣ የሰጠው ምክንያት ለሥራ ምቹ መሆኗን ነው። ከሰማይ የወረደች አይደለችም።

እንግዲህ 95ቱ መሀል ከቀሩ አምስቱ የት ሄዱ? ጤነኛ እንደሆኑ ከመስመሩ ውጭ ወደቁ። ወረቀትሽ ላይ እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢኖሩ፣ ምንም ሕመም የሌለባት ሴት እንኳ ቢያንስ አንድ ኮከብ የማግኘት ዕድሏ 64 ከመቶ ገደማ ነው። ይህን ለሠራተኛዋ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ወረቀቱን አጣጥፎ መስጠት ይቀላል።

የስኳር መስመር ትንሽ ይለያል። እሱ የተሰመረው የጤነኞችን አማካይ በማየት ብቻ ሳይሆን፣ ዓይንን የሚጎዳው ሕመም መብዛት የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ በማየትም ነው። ይህም ቢሆን ተንቀሳቅሷል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር «የስኳር በሽታ» የሚባልበትን የጾም ልክ በ1997 ከ140 ወደ 126 አወረደው። በ2003 ደግሞ «ወደ ስኳር እየተጠጋች ነው» የሚባልበትን ከ110 ወደ 100 ዝቅ አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን 110 ላይ ቆሟል። ስለዚህ የአንቺ 105 በአንዱ መጽሐፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሌላው ደህና ነው። ደምሽ ግን ያው ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ቢመጣም እንኳ፣ ግልጽ ምልክት ከሌለብሽ ሐኪሙ በአንድ ውጤት አይፈርድም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይፈልጋል። (ወረቀቱ 5.8 ቢልሽ አትደናገጪ፤ በ18 ስታባዢው ያው 105 አካባቢ ነው።)

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የሚያውቀው ካልኩለስ ነው። በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የወጣች ታውቀዋለች፤ መኪናው ሲያቃስት ሲያቃስት ይወጣና አናቱ ላይ ለአፍታ መውጣትም መውረድም ያቆማል። ሒሳብ እንዲህ ያለውን ቦታ «ወሳኝ ነጥብ» ይለዋል። ዳገት የሚያልቅበት ሊሆን ይችላል፤ ቁልቁለት የሚያልቅበት የሸለቆ ወለልም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ያለ ሜዳ ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ዳገቱ ይቀጥላል። የቆምሽበትን ብቻ አይተሽ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችይም፤ በፊትና በኋላ ያለውን ማየት አለብሽ።

የደም ስኳርም እንዲሁ ነው። ከበላሽ በኋላ ይወጣል፣ በጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት አካባቢ ላይ አናቱን ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተሽ ልጆቹን ለትምህርት ስታዘጋጂ ስኳር ያለው ሻይ ጠጥተሽ ከሆነ፣ የተለካው የጾም ስኳርሽ ሳይሆን ዳገቱ ነው። «ጾም» ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ሐኪሞች ይህን ዳገት ሆን ብለው የሚለኩበት ምርመራም አላቸው፤ 75 ግራም ግሉኮስ አጠጥተው ከ2 ሰዓት በኋላ ያያሉ። ከ140 በታች ከወረደ ደህና፣ 200 እና በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው።

አንድ መስመር ግን ቀልድ የለበትም። ጆርጅ ለንድበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1972 ላቦራቶሪዎች ሕይወትን የሚያሰጋ ውጤት ሲያዩ ወረቀቱን ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ወዲያው እንዲደውሉ የሚያደርግ አሠራር አስተዋወቀ። ይህንንም በእንግሊዝኛ «ወሳኝ ዋጋ» ይሉታል፤ ስሙ አንድ ነው፣ ነገሩ ሌላ። ስኳርሽ ከ54 በታች ከወረደ፣ ወይም በጣም ከፍ ብሎ ማስታወክ፣ ከባድ ጥማትና መደነዝ ካለብሽ፣ እስከ ጁምዓ ዕረፍትሽ አትጠብቂ። አምቡላንስ በ997፣ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር በ937 ይገኛሉ።

ከዚያ ውጭ ላለው፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ተመለሺና «አብጋ ኢዓደት አትተህሊል» በያቸው፤ ምርመራው ይደገምልኝ ማለት ነው። ስትጾሚ «ሳኢማ» በያቸው፤ ሻዩን ጠጥተሽ ከሆነም አትደብቂ። የድሮውንም ወረቀት አትጣይው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ለሐኪሙ አሳዪ።