የሚያስታውስ ካርድ

ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የካርድ ክፍሉ የወረቀት ክምር ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። እውነት ነው፣ ካርድ ጠፋ ተብሎ እንደ አዲስ ማውጣት ይቀራል፤ የሐኪሙ ጽሑፍ ይነበባል፤ የላብራቶሪ ውጤትም ታካሚው ይዞት ሳይዞር ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ መዝገቡ ማስታወስ መቻሉ ነው።

በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ዶክተር ክሌመንት ማክዶናልድ በሬገንስትሪፍ ተቋም እንዲህ ያለ መዝገብ መገንባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1976 ያሳተሙት ጥናት ዘጠኝ ሐኪሞችን የተከታተለ ነበር። ኮምፒውተሩ የታካሚውን መረጃ እያየ የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን፣ የሚወስደው መድኃኒት ጉበት ሊጎዳ መቻሉን ያሳስባል። ማሳሰቢያ ሲደርሳቸው ሐኪሞቹ ከ100 ጉዳይ 51ዱ ላይ እርምጃ ወሰዱ፤ ሳይደርሳቸው ግን 22ቱ ላይ ብቻ። በአንደኛና በሦስተኛ ዓመት ሠልጣኞች መካከል እንኳ ልዩነት አልታየም። ማክዶናልድ ሐኪሞቹን አልወቀሱም። ብዙው ስሕተት የሚመጣው የሰው አእምሮ ያን ሁሉ መረጃ አንድ ላይ መያዝ ስለሚያቅተው ሳይሆን አይቀርም አሉ። በር ላይ ረጅም ወረፋ ለሚጠብቀው ሐኪም ይህ ፍርድ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ማስታወስ እንዲችል ግን መረጃው በቦታው መግባት አለበት። ፔኒሲሊን ለታካሚው እንደማይስማማ በረጅም ማስታወሻ መሐል ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ላያየው ይችላል። ለአለርጂ በተለየው ቦታ ከገባ ግን መድኃኒቱ ሲታዘዝ ወዲያው ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ከበዛም ሐኪሙ ሳያነብ ማለፍ ይለምዳል፤ ስለዚህ የቱ አስፈላጊ እንደሆነ መምረጥ የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

የሬገንስትሪፍ ተቋም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው ኦፕንኤምአርኤስ የተባለውን፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበትን ሥርዓት ጀመሩ፤ አንዱ መነሻው በኬንያ ኤልዶሬት የነበረው የኤችአይቪ ሕክምና ነው። በእኛም አገር ስማርትኬር የተባለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍሎች አገልግሏል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ተደርጎ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ሌላ ሠራተኛ በኋላ የሚገለብጠው ከሆነ፣ ማሳሰቢያው የሚመጣው ታካሚው መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።