ልጅ ሲታጣ ባልም ይመርመር

በማንኩሳና በቡሬ ገጠር፣ እንደ ሌላውም የአገሪቱ ክፍል፣ ልጅ ሲታጣ ጥፋቱን በሚስት ላይ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ችግሩ ከባልም ሊመጣ ይችላል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው።

እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ቢወገድም፣ ማዕድኑ በመኪናና በበርካታ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎች ውስጥ ዛሬም ይገኛል። አሮጌ ባትሪ ተሰብሮ እርሳሱ ሲቀልጥ፣ ጢሱና ብናኙ በትንፋሽና በምግብ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ የወንዱን የዘር ፍሬ ቁጥርና እንቅስቃሴም ይቀንሳል።

ስለዚህ የማኅበርና የቀበሌ መሪዎች አሮጌ ባትሪ በመኖሪያ ግቢ እንዳይሰበርና እንዳይቀልጥ መቆጣጠር፣ ለሽምግልና የቀረቡ ባልና ሚስትም ፍቺ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱም እንዲመረመሩ መምከር ይጠበቅባቸዋል።