ባትሪው አልሞተም

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው ቁልቁለት ዙሪያ የሚሠሩ የላዳ ሾፌሮች መኪናቸውን ሲያቆሙ አፍንጫዋን ወደ ታች ያደርጋሉ። ፒያሳ ያደገ ሰው ምክንያቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ካለ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ፍሬን መልቀቅ ነው። መኪናዋ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉት ሞተሩ ይነሳል። ቁልቁለት ያላገኘ ደግሞ ጎረምሳ ይጠራል። «ግፉ! ግፉ!» የሚለው ጩኸት እኔ ሳድግ ከጊዮርጊስ ደወል ቀጥሎ የምሰማው የጠዋት ድምፅ ነበር።

በዚህ ሁሉ ግፊያ መካከል ስሙ በክፉ ብቻ ሲነሳ የኖረ፣ እኔ ግን የምወደው አንድ ዕቃ አለ፤ ሞተሪኖ።

ሞተሪኖ ሞተር የሚያስነሳ ትንሽ ሞተር ነው። ከባትሪ ኃይል ወስዶ ትንሿን ጥርሱን ወደፊት ይወረውርና ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያጋጥማታል። ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ በራሱ ሲነሳ ጥርሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሁሉም ነገር ሁለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲዞር እሱ ተኝቶ ይውላል። ለሞተሩ ዘይት ይቀየርለታል፤ ፊልትሮው ይጸዳል፤ ጎማው ይነፋል። ሞተሪኖ የሚታወሰው እምቢ ባለ ቀን ብቻ ነው።

ውለታውን ለማወቅ እሱ ያልነበረበትን ዘመን ማሰብ ይበቃል። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ፣ አዲስ አበባ የገባ የመጀመሪያው መኪና፣ የሚነሳው በክንድ ጉልበት ነበር። ከፊቱ ብረት ተሰክቶ ይዞራል፤ ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ ከመለሰ ያ ብረት የሰው አንጓ ይሰብራል። በኤሌክትሪክ መነሳት በመደበኛ መኪና ላይ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ሞተሪኖ በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ላይ ሲገጠም ነው። የድሮዋ ላዳ ሞተሪኖ እያላት እንኳ የእጅ ማዞሪያ ብረት አብሯት ይመጣ ነበር፤ ለሩሲያ ብርድ የታሰበች መኪና ናት።

ላዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ለፒያሳ መካኒክ ለምን እንግዳ እንዳልሆነችበት ልናገር። ከእሷ በፊት የፊያትን ሴይቼንቶ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ላዳም ብትሆን ከሥሯ ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ተዋውለው፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም በተሰየመ ከተማ ፋብሪካ ተክለው ከ1970 ጀምሮ አመረቷት። ስለዚህ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት የጣሊያን ቃላት ከሩሲያ በመጣች መኪና ላይ ልክክ አሉ፤ ያውም ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ በመጣ ሰፈር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቁልፍ ዞሮ መኪና አልነሳ ሲል ከእጅ በፊት መሥራት ያለበት ጆሮ ነው። ሞተሩ እንደወትሮው እየዞረ ግን ካልነሳ፣ ሞተሪኖም ባትሪም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጥፋቱ ቤንዚን አለመድረሱ ወይም ካንዴላው እሳት አለመስጠቱ ነው። አንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ ጥርሱን የሚወረውረው ማግኔት ስቧል፤ ወደ ሞተሪኖው ሆድ ግን ኃይል አልገባም፣ አለዚያም ውስጡ ያሉት ካርቦኖች አልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቁልፍ ሲይዝ ሌላው ሞተሪኖውን በመፍቻ ቀስ አድርጎ መታ መታ ቢያደርገው ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ እስከ ጋራዥ ያደርሳል እንጂ ፈውስ አይደለም። «ጠጠጠጠጠ» ካለ ደግሞ ማግኔቱ ይስባል፣ ሞተሪኖው ጭነቱን ሲቀበል ኃይሉ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ሲለቅ ኃይሉ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። ያ ጠጠታ ለሞተሪኖው በቂ ኃይል እንዳልደረሰው ይናገራል። የት እንደቀረ ግን አይናገርም፤ ፈልጎ ማግኘት የእኛ ፈንታ ነው።

እኛ ግን አንፈልግም። ሁሉንም ድምፅ በአንድ ቃል እንዘጋዋለን፤ «ባትሪው ሞቷል»። እንዲህ ተብሎ ስንት ጤነኛ ባትሪ ተጥሏል!

እኔም ተነግሮኝ አምኜ አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ። አራት ቀን ቀጥ አድርጎ አስነሳልኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ኅዳር ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ጠዋት፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያው «ጠጠጠጠ» ተመለሰ። ጎረምሶች ልጠራ ስል አንድ አዛውንት የላዳ ሾፌር ከመኪናቸው ወርደው መጡ።

«አይገፋም ልጄ፣ ቆይ። ምን ሆነብህ?»

«ባትሪው ሞቶ ነው ጋሼ። ግን እኮ አዲስ ነው፤ ሳምንት አልሞላውም።»

«መሞቱን በምን አወቅህ? በል መብራትህን አብራ።»

የፊት መብራቱን አበራሁ። ፊት ለፊታችን ያለው ግንብ ቦግ አለ።

«ይኸው፤ የሞተ ነገር እንዲህ አያበራም። አሁን ሳታጠፋው ቁልፉን አዙር።»

ስጠመዝዘው መብራቱ ድርግም አለ፤ ስለቀው ተመልሶ ቦግ። ሦስት አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው እጄን ያዙና የባትሪው ኔጋቲቭ ተርሚናል ላይ አስቀመጡት። ፖዘቲቩ እንደ ጠዋቱ አየር ይቀዘቅዛል፤ ኔጋቲቩ ግን እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቋል። «ኃይልህ እዚህ ነው የቀረው» አሉኝ።

ያ ሙቀት ከእጄ አልወጣም። ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ ሳሰላው ነገሩ ይበልጥ ገረመኝ። ሁለት የፊት መብራቶች አንድ ላይ ከባትሪው የሚወስዱት ወደ 10 አምፒር ነው። ሞተሪኖ ግን በትንሽ መኪና እንኳ ከ100 እስከ 200 አምፒር ይጠይቃል። ባትሪው ራስ ላይ የሚጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት፣ ወይም ከማሰሪያው ሥር የተደበቀው ጥቁር ዝገት፣ የኦም አንድ ሃያኛ ያህል እንቅፋት ፈጠረ እንበል። ከመብራቱ ላይ የሚያጎድለው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው 150 አምፒር ልሳብ ሲል ግን እዚያችው ነጥብ ላይ 7 ቮልት ተኩል ይቀራል። ከ12 ቮልት የተረፈው 4 ተኩል ሞተር ማዞር ቀርቶ ማግኔቱንም ስቦ አያቆየውም። ቀጭን ቧንቧ ብርጭቆ ለሚሞላ ይበቃል፤ በርሜል ይዞ ለመጣ ሰው ግን ይመሽበታል። መብራት በራ ማለት መንገዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ለብርጭቆ ያህል ክፍት ነው ማለት ነው።

አዲሱ ባትሪ አራት ቀን ለምን እንደሠራም የገባኝ ያኔ ነው። ባትሪ ሲቀየር ማሰሪያው ይነቃነቃል፣ ይፋፋቃል፣ ለጊዜው ይይዛል። ባለቤቱ «አየህ፣ ባትሪው ነበር» ይላል። በሽታው ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ባትሪ ተሻግሮ ይጠብቀዋል።

የመብራቱን ምርመራ እስከ ዛሬ ለማገኘው ሁሉ እነግራለሁ። ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ድርግም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መገጣጠሚያው ነው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደው ገመድ ሌላኛው ጫፍ ጭምር። ያን ጫፍ የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ በጭቃና በዘይት ተሸፍኖ ዓመታት ይቀመጣል። መብራቱ ከመነሻውም ደክሞ፣ ሲዞር ቢጫ ሆኖ ቀስ እያለ ከወረደ ባትሪው በእርግጥ ባዶ ነው። መብራቱ ፍንክች ካላለ ግን ኃይል የጠየቀ የለም፤ ቁልፉ ጋ ወይም ሞተሪኖው ጋ መሄድ ነው። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ከቦታው ወጥቶ እንደሆነም ማየት ይገባል።

ሽማግሌው ከላዳቸው 10 ቁጥር መፍቻ አመጡ። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፈቱ። ቅደም ተከተሉ ለወግ አይደለም፤ ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል፣ ባትሪ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የማሰሪያው ውስጠኛ ገጽ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ የባትሪውንም ራስ አዲስ እርሳስ እስኪመስል ፈተጉት። ዱቄቱን በሙቅ ውሃና በሶዳ አጠቡት፣ አደረቁት። ፖዘቲቩን አስቀድመው፣ ኔጋቲቩን በመጨረሻ አሰሩ። በእጅ ሲሞከር የማይነቃነቅ ከሆነ በኋላ ከላዩ ቫዝሊን ቀቡት። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳያንገራግር ተነሳ።

እዚህ ላይ የምቆጣቸው አሉ። ተርሚናል በድንጋይ የሚመታ ሰው የባትሪውን ራስ ከሥሩ ያላላል። ኮካ ኮላ የሚያፈስ ሰው ዱቄቱን ያነሳል፣ ስኳሩን ግን እዚያው ይተዋል። ቫዝሊኑን ከማሰሪያው በታች የሚቀባም ቦታውን አልያዘም፤ ሥራው ከላይ ሆኖ እርጥበትን መከልከል ነው። ከሁሉ የባሰው ቁልፍ ጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ የሚያስጮህ ነው። ሞተሪኖ ለአጭር ሥራ የተሠራ ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲያዞሩት ይግላል። ደቂቃ ያህል አሳርፎ እንደገና መሞከር ምን ይከብዳል?

በእርግጥ ባትሪ ያረጃል። ቆሞ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ለመባል ተቃርቧል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ከፒያሳ አራት ኪሎ ብቻ በሚመላለስ መኪና ላይም ባትሪው ጠዋት ያወጣውን ለመተካት ዲናሞው ጊዜ አያገኝም።

የላዳና የሴይቼንቶ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ላይ ነዳጅ ደጋግሞ የረገጠ ሰው ካንዴላውን ያሰምጠዋል። መፍትሔው አሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሳያነሱ ማዞር ነው። ግፊን በተመለከተ ደግሞ አውቶማቲክ ቪትዝ ከእንጦጦ ቢለቀቅም በግፊ አይነሳም፤ ጎረምሶቹን አታድክሙ።

ዛሬ ፒያሳ ተለውጣለች። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ላዳዎቹም ተመናምነዋል። የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሞተሪኖ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን ይዘውታል። በቅርቡ ደጎል አደባባይ አካባቢ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። ዳሽቦርዱ ጨልሟል።

«ቻርጅ 80 በመቶ ነበረው ወንድሜ፤ አሁን ግን ጭራሽ ሞቷል» አለኝ።

ኮፈኑን እንዲከፍት ጠየቅሁት። ብርቱካንማዎቹን ገመዶች በሩቁ አልኩት፤ የሚገድል ኃይል ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከጎን ግን እንደማንኛውም መኪና አንዲት 12 ቮልት ባትሪ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩን የምታስነሳው፣ የትልቁንም ባትሪ ማብሪያ የምትዘጋው እሷ ናት። ኔጋቲቭ ማሰሪያዋን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደ ልቅ ቀለበት ዞረ።

«10 ቁጥር መፍቻ ይኖርሃል?»

አልነበረውም፤ ከእኔ መኪና ከቫዝሊን ጋር አመጣሁ። ፈትቼ፣ ፈትጌ፣ መልሼ ሳጠብቀው እሱ በመስኮቱ እያየ ነበር። ዳሽቦርዱ ቦግ ሲል ስልኩን ኪሱ ከተተና ቫዝሊኑን ራሱ ሊቀባ ወረደ።